አሮጌ ሳምሰንግ ላይ ሊኒየጅ ኦኤስ መጫን፦ ስልኩን ሳትገድሉ

ጋላክሲ ኤስ10 ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከአንድሮይድ 9 ተነስቶ አንድሮይድ 12 ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አዲስ አንድሮይድ አልመጣለትም፤ የደኅንነት ማስተካከያውም ተቋርጧል። ስልኩ ግን ገና ጉልበት አለው። ስክሪኑ ያምራል፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ባትሪው ከተቀየረለት ለተጨማሪ ዓመታት አያሳፍርም። እንዲህ ያለ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ተጥሎ ሳይ ከልቤ ያናድደኛል።

እኔ ደሴ ላይ የስልክ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ወደ እኔ ከሚመጡት አሮጌ ሳምሰንጎች ብዙዎቹ ከዱባይ፣ ከሳዑዲ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የተላኩ ናቸው። አንዳንዱ ሰው ዩቲዩብ አይቶ «ሮም ቀይሪልኝ» ይለኛል፤ ሮም የሚሉት ስልኩ የሚሠራበትን ሙሉ ሲስተም ነው። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ጀምሮት፣ ሎጎ ላይ ቆሞበት ነው የሚመጣው። ይህን የምጽፈው ለዚህ ለሁለተኛው ሰው ነው። ከመጀመሩ በፊት ያንብበው።

ሎጎ ላይ ከቀሩት ስልኮች የአብዛኞቹ ጉዳይ ያለቀው ኬብሉ ሳይሰካ ነው። የሌላ ሞዴል ፋይል ወርዷል። ወይም ፎቶው ሳይቀመጥ ተጀምሯል። ወይም የሳምሰንጉ መመለሻ ፋይል በእጅ የለም። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ከመጫኑ በፊት ስላለው ነገር ነው። መጫኑ ራሱ አጭር ሥራ ነው።

ሊኒየጅ ኦኤስን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የአንድሮይድ መሠረታዊ ኮድ ክፍት ስለሆነ ማንም ወስዶ ለአንድ ስልክ ሊያዘጋጀው ይችላል። ሳያኖጅንሞድ የሚባል ፕሮጀክት ከ2009 ጀምሮ ይህን ሲሠራ ቆይቶ በ2016 መጨረሻ ተዘጋ። በጎ ፈቃደኞቹ ሥራውን ሊኒየጅ ኦኤስ ብለው ቀጠሉት። ነፃ ነው። ሌሎች ሮሞችም አሉ። እኔ ለሰው ስልክ ሊኒየጅን የምመርጠው ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱ የመመሪያ ገጽ ስላለውና ፋይሉ ከየት እንደመጣ ስለሚታወቅ ነው። ቴሌግራም ላይ ከማይታወቅ ቻናል የወረደ ሮም ግን አልጭንም። ባንክ የምትከፍቱበትን፣ የልጆቻችሁን ፎቶ የምታስቀምጡበትን ስልክ ከሥር መሠረቱ ለማታውቁት ሰው ማስረከብ ማለት ነውና።

የሞዴሉ ፊደል ሁሉን ይወስናል

ሴቲንግ ገብታችሁ «አባውት ፎን» የሚለውን ክፈቱ። የሞዴል ቁጥሩን ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ጻፉት። ከገልፍ አገሮች የሚመጣው ኤስ10 ብዙውን ጊዜ ኤስኤም-ጂ973ኤፍ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤፍ» ናት ሥራውን የምታሠራችሁ። ይህ ስልክ ኤክሲኖስ የሚባለውን የሳምሰንግ ፕሮሰሰር ይጠቀማል፤ ቡትሎደሩም፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ የትኛው ሲስተም እንዲነሳ የሚወስነው ፕሮግራም፣ ይከፈታል።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ መጨረሻው «ዩ» ወይም «ዩ1» ይሆናል። የካናዳው ደግሞ «ደብልዩ» ነው። እነዚህ ከውጭ ሲታዩ ከኤፉ ጋር አንድ ናቸው። ውስጣቸው ግን ስናፕድራገን የሚባል ሌላ ፕሮሰሰር ነው፤ ቡትሎደራቸውም አይከፈትም። «ገንዘብ ክፈሉና እንከፍትላችኋለን» የሚሏችሁ ካሉ በደንብ ጠይቁ። የኤፉን ፋይል ዩው ላይ ለመጫን መሞከር ደግሞ ጊዜና ስልክ ማባከን ነው። የአሜሪካ ስልክ ከያዛችሁ እዚህ ላይ ቁሙ።

የጀርባ ጽሑፉን ብቻ አትመኑ። ገበያ ላይ ጀርባው የተቀየረ ስልክ ሞልቷል። ጀርባው ኤፍ እያለ ቦርዱ ዩ የሆነ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ሴቲንጉ ላይና በኋላ በምንገባበት ዳውንሎድ ሞድ (ስልኩ ሶፍትዌር ከኮምፒውተር በሚቀበልበት ገጽ) ላይ የሚታየው ይበልጣል።

ኤስ10፣ ኤስ10ኢ እና ኤስ10 ፕላስም የተለያዩ ስልኮች ናቸው። ሊኒየጅ እያንዳንዱን በሚስጥር ስሙ ነው የሚጠራው። ኤስ10ኢ «ቢዮንድ0ኤልቲኢ»፣ ኤስ10 «ቢዮንድ1ኤልቲኢ»፣ ኤስ10 ፕላስ «ቢዮንድ2ኤልቲኢ» ይባላል። ልዩነቱ አንዲት ቁጥር ናት። የምታወርዱት ፋይል ስም ውስጥ ይህች ቁጥር ከወረቀታችሁ ጋር መግጠም አለባት።

ሌላ ስልክ ለያዛችሁም መንገዱ ይኸው ነው። የሊኒየጅን የስልኮች ዝርዝር ክፈቱና የእናንተን ፈልጉ። ሁዋዌ ከ2018 ጀምሮ የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። ሻውሚ ከሆነ በሚ አካውንት አመልክታችሁ፣ ብዙ ጊዜ ቀናት ጠብቃችሁ ነው የሚከፈተው። ቴክኖና ኢንፊኒክስን በዝርዝሩ ውስጥ ፈልጌ አላገኘኋቸውም። እኛ አገር በብዛት የሚያዙት እነሱ ስለሆኑ ያሳዝናል። ቢሆንም ዝርዝሩ ላይ ለሌለ ስልክ ከየትም የተገኘ ፋይል እንድትጭኑ አልመክርም።

የምታጡትን አስቀድማችሁ እወቁ

ሳምሰንግ ውስጥ ኖክስ የሚባል የደኅንነት ሥርዓት አለ። ከሱ ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክ ፊውዝ ቦርዱ ውስጥ ተቀብሯል። የራሱ ያልሆነ ሶፍትዌር ስትጭኑ ፊውዙ ይቃጠላል። አንዴ ከተቃጠለ በኋላ ዋናውን ሶፍትዌር መልሳችሁ ብትጭኑም አይጠገንም። ሳምሰንግ ፔይ አይሠራም። ሴኪዩር ፎልደርም አይከፈትም።

ይህ ሴኪዩር ፎልደር የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያስለቅሳል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ኤስ10 ይዘው መጡ። ልጃቸው ከኩዌት የላከችላቸው ነው። ጋለሪውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠን ጨረስን።

«ጋሼ፣ ሴኪዩር ፎልደር ውስጥ ያስገቡት ነገር አለ?»

«የለም ልጄ። የቤቱ ካርታ ፎቶ ብቻ ነው።»

የቤት ካርታ ብቻ! ሰው በጣም የሚጠነቀቅለትን ነገር ነው እዚያ የሚያስገባው። ለዚህም ነው መጠባበቂያ ሲወስድ የሚረሳው። ፎልደሩን አስከፈትኳቸው። ከካርታው ሌላ የባለቤታቸው የሕክምና ወረቀቶችም ነበሩ። አንድ በአንድ ወደ ውጭ አወጣናቸው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ሴኪዩር ፎልደር ውስጥ ያለው ነገር ተራ መጠባበቂያ ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛው የምታጡት ቮልቲኢ ነው፤ በፎርጂ መስመር መደወል ማለት ነው። ሊኒየጅ በኤክሲኖስ ሳምሰንጎች ላይ ይህን አያሠራም፤ ምክንያቱም ያ ክፍል የሳምሰንግ የግል ኮድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ችግር አይሆንባችሁም። ስትደውሉ ስልኩ ራሱ ወደ ስሪጂ ወይም ቱጂ ወርዶ ያገናኛችኋል። አሜሪካ ላላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ስሪጂን በ2022 ዘግተዋል። ቮልቲኢ የሌለው ስልክ ኢንተርኔት ሊጠቀም ይችላል፤ መደወል ላይ ግን ትቸገራላችሁ። ድንገተኛ አደጋ ሲያጋጥም የማይደውል ስልክ ይዞ መዞር አደገኛ ነው። ስለዚህ እዚያ ላለ ሰው ኤስ10ን በሊኒየጅ ዋና ስልኩ እንዲያደርገው አልመክርም።

ሦስተኛው የባንክ አፕ ነው። ጉግል ስልኩ ያልተነካ መሆኑን ለአፖች የሚመሰክርበት አሠራር አለው፤ ፕሌይ ኢንተግሪቲ ይባላል። ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ይህን ፈተና ሙሉ በሙሉ አያልፍም። ፈተናውን የሚጠይቅ አፕ አልከፍትም ሊላችሁ ይችላል። ዛሬ የሚከፍተውም ነገ በአፕዴት ሊዘጋ ይችላል። በዚህ ላይ ተስፋ አልሰጣችሁም። በእጃችሁ ያለው መድኃኒት የአጭር ቁጥሩን መንገድ አስቀድሞ መልመድ ነው። ቴሌብርን በ*127#፣ ንግድ ባንክን በ*889# ከአሁኑ ሞክሩት። ፒናችሁን የማታስታውሱ ከሆነ ሮም ከመቀየራችሁ በፊት አስተካክሉት።

ኔትፍሊክስ የምታዩ ካላችሁ ደግሞ የምስሉ ጥራት ይወርዳል። የሳምሰንግ ካሜራ አፕም አብሮ ይሄዳል። ፎቶ ማንሳት ሥራችሁ ከሆነ ይህን በደንብ አስቡበት።

አንድ ሥጋት ላቃልላችሁ። «ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆንብኛል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አይሆንም። የግዕዝ ፊደል ከራሱ ከአንድሮይድ ጋር ነው የሚመጣው። ሴቲንጉንም አማርኛ ማድረግ ትችላላችሁ። ለመጻፍ ጂቦርድ ጭናችሁ አማርኛ መምረጥ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ይሁን» ካላችሁ እንቀጥል። ካላላችሁም አትፈሩ፤ ስልኩን ፎርማት አድርጋችሁ የማያስፈልጉ አፖችን ማጥፋት ብቻውን ብዙ ያቃልለዋል።

መጠባበቂያው

ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሌባ ስልካችሁን ከፍቶ እንዳያያችሁ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ፎቶና ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የተወሰኑትን ከፍታችሁ እዩ። ፋይሉ ተገልብጧል ማለትና ይከፈታል ማለት አንድ አይደለም። ኮንታክቶቹ የተቀመጡት ሲም ላይ ነው፣ ስልኩ ላይ ነው ወይስ ጂሜይል ላይ? ይህን አጣሩና ሁሉንም ወደ ጂሜይል ውሰዱ። ቴሌግራም ቻቱ ሰርቨር ላይ ስላለ ተመልሶ ይመጣል። ሲክሬት ቻት ግን አይመለስም። ዋትስአፕ የራሱን ባክአፕ ካልወሰዳችሁለት ባዶ ይሆናል። ኮድ የሚሰጣችሁ ኦተንቲኬተር አፕ ካላችሁ መጀመሪያ ወደ ሌላ ስልክ አዛውሩት። አለበለዚያ ከራሳችሁ ጂሜይል ውጭ ትቀራላችሁ።

*#06# ደውሉና የሚታዩትን የአይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥሮች ሁሉ ያው ወረቀት ላይ ጻፉ። ሥራው ሲያልቅ ከዚህ ጋር ታመሳክራላችሁ።

በመጨረሻ ከጉግል አካውንታችሁና ከሳምሰንግ አካውንታችሁ ውጡ። ከአካውንት ሳይወጣ የጠፋ ስልክ ሲነሳ የድሮውን አካውንት ይጠይቃል። የይለፍ ቃሉን ረስታችሁ ከሆነ በራሳችሁ ስልክ ላይ ትቆለፋላችሁ።

ስልኩ ብቸኛ ስልካችሁ ከሆነ ሲሙን አውጥታችሁ ለዚያ ቀን ሌላ ስልክ ላይ አድርጉት። ተራ ቁልፍ ስልክም ይሆናል። የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ሊመጣላችሁ ይችላል።

ፋይሎቹ

አራት ነገር ይወርዳል። የሊኒየጁ ዚፕ (ሲስተሙ ራሱ)፣ የሊኒየጁ ሪከቨሪ (ሲስተሙን ስልኩ ላይ የሚጭነው ትንሽ ፕሮግራም)፣ የጉግል አፖች ጥቅልና የሳምሰንጉ ዋና ሶፍትዌር።

ዚፑንና ሪከቨሪውን ከሊኒየጅ የራሱ ማውረጃ ገጽ፣ በአንድ ቀን የወጡትን ውሰዱ። የጉግል አፖቹ ማይንድዘጋፕስ ይባላሉ፤ ሊኒየጅ ራሱ የሚጠቁመው ይህን ነው። የአንድሮይዱ ቁጥር መግጠም አለበት። ሊኒየጅ 21 ማለት አንድሮይድ 14 ነው። ሊኒየጅ 22 ደግሞ አንድሮይድ 15 ነው። የፕሮሰሰሩ ዓይነት ለኤስ10 «አርም64» ነው። ፕሌይ ስቶር የማትፈልጉ ከሆነ ይህን ጥቅል ተዉት፤ ስልኩ ያለሱም ይሠራል።

የሳምሰንጉ ሶፍትዌር ጥቂት ጊጋ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዳታ ውድ ነው፣ ይገባኛል። እኔ ግን ይህ ፋይል ዲስኬ ላይ ሳይኖር የማንንም ስልክ አልነካም። መንገዱ ቢበላሽ መመለሻችሁ እሱ ነው። ስታወርዱ የሞዴሉን ፊደል እዩ። ሌላም አለ። የሶፍትዌሩ ስም ከመጨረሻው ስትቆጥሩ አምስተኛዋ ምልክት የቡትሎደሩ ደረጃ ናት። እኛ ሠራተኞቹ «ባይነሪ» እንላታለን። ስልካችሁ ላይ ካለችው ያነሰች ከሆነ ሳምሰንግ አይቀበልም። እኩል ወይም የበለጠች መሆን አለባት። ይህን የማያውቅ ሰው አሮጌ ፋይል ደጋግሞ ይጭንና «ስልኩ ሞተ» ይላል።

እያንዳንዱ የሊኒየጅ ፋይል አጠገብ ኤስኤችኤ-256 የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ታገኛላችሁ። የፋይሉ አሻራ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ሰቨን ዚፕ ካለ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ይህን አሻራ ማውጣት ትችላላችሁ። ከገጹ ጋር አንድ ካልሆነ ፋይሉ ሲወርድ ተቆርጧል፣ ወይም ሰው ነክቶታል። አጥፍታችሁ እንደገና አውርዱ። የእኛ ኢንተርኔት መሃል ላይ ስለሚቆራረጥ ይህን ማጣራት አትለፉ።

ላፕቶፕ ተጠቀሙ፤ ባትሪውም ሙሉ ይሁን። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ አብሮ ይጠፋል፤ ፋይል ወደ ስልኩ እየገባ እያለ እንዲሆንባችሁ አትፈልጉም። ስልኩንም ሙሉ ቻርጅ አድርጉት። ኬብሉ ዳታ የሚያስተላልፍ፣ የማይላወስ ይሁን። ሀብ ላይ ሳይሆን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

ቡትሎደሩን መክፈት

መጀመሪያ ስልኩን ራሱ ሳምሰንግ እስከሰጠው የመጨረሻ አፕዴት አድርሱት። የሊኒየጁ ገጽ ስልኩ በየትኛው አንድሮይድ ላይ መሆን እንዳለበት ይናገራል፤ አንብቡት።

«ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን» ውስጥ ገብታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩ። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለውን አብሩ። ከሌለ ወይም ካልበራ አታስገድዱ። ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኙ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካክሉና እንደገና እዩ። የአሜሪካ ስልክ ከሆነ ጭራሽ አይመጣም።

ስልኩን አጥፉት። የድምፅ መቀነሻውንና የቢክስቢን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭናችሁ ይዛችሁ፣ ከላፕቶፑ የመጣውን ኬብል ሰኩ። የማስጠንቀቂያ ገጽ ይመጣል። የድምፅ መጨመሪያውን ለረጅም ጊዜ ተጭናችሁ ስትይዙ ይከፈት ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንብባችሁ እሺ በሉ። ስልኩ ራሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይነሳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይመጣል። ስልኩ ሲነሳ ቶሎ ብላችሁ ሪከቨሪ ለመጫን አትሩጡ። ማዋቀሩን ጨርሱ፣ ዋይፋይ አገናኙት፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ እንደገና ከፍታችሁ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» እንደበራ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ሳምሰንግ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኝ በራሱ መልሶ የሚቆልፍ ሥርዓት አለው። ይህን ከዘለላችሁ ኋላ ላይ ስልኩ ከሳምሰንግ ሌላ ምንም አልቀበልም ይላችኋል። ዳውንሎድ ሞድ ላይ «ኬጂ ስቴት» የሚል መስመር አለ። እሱ ላይ «ፕሪኖርማል» ካለም ጉዳዩ ያው ነው፤ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ይቆይ።

መጫኑ

የምትጽፉትን ትዕዛዝ ከእኔም ከማንም አትቅዱ። የስልካችሁ የሊኒየጅ ገጽ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ገልብጡ። እኔ የምነግራችሁ በየደረጃው ምን እንደምታዩ ነው።

ሪከቨሪውን ሄይምዳል በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የምጭነው። ሊኑክስ ላይ ድራይቨር ጣጣ የለውም። ዊንዶውስ ላይ ዛዲግ በሚባል ፕሮግራም ድራይቨር ማስቀየር ይፈልጋል። ስልኩን ዳውንሎድ ሞድ ውስጥ አስገቡና ትዕዛዙን ስጡ። ስልኩ ላይ ሰማያዊ መስመር እየሞላ ይሄዳል። ትዕዛዙ ውስጥ ስልኩ በራሱ እንዳይነሳ የሚከለክል ክፍል አለ፤ እሱን አታስቀሩ።

ቀጥሎ ያለው የጣት ሥራ ነው። ኬብሉን ንቀሉ። የድምፅ መቀነሻውንና ፓወሩን ስክሪኑ እስኪጠፋ ያዙ። እንደጠፋ በዚያው ቅጽበት የድምፅ መጨመሪያውን፣ ቢክስቢንና ፓወሩን አንድ ላይ ያዙ። ከዘገያችሁ ስልኩ ወደ ሳምሰንግ ይነሳና የጫናችሁትን ሪከቨሪ በራሱ መልሶ ይተካዋል። ያ ከሆነ ምንም አልተበላሸም፤ ሪከቨሪውን እንደገና መጫን ብቻ ነው። ሲሳካ የሊኒየጅ ምልክት ያለበት ሜኑ ታያላችሁ። የሳምሰንጉ ሪከቨሪ ከመጣባችሁ ወደፊት አትሂዱ።

«ፋክተሪ ሪሴት» ግቡና «ፎርማት ዳታ» አድርጉ። የድሮው ዳታ በሳምሰንግ ቁልፍ የተመሰጠረ ስለሆነ ይህ ካልተደረገ አዲሱ ሲስተም አይነሳም። ከዚያ «አፕላይ አፕዴት»፣ ቀጥሎ «አፕላይ ፍሮም ኤዲቢ» ምረጡ። ከላፕቶፑ ዚፑን በሳይድሎድ፣ ማለትም በኬብል ቀጥታ በመላክ፣ ጫኑ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ 47 በመቶ ደርሶ ሊቆም ይችላል። ሰው ተደናግጦ ኬብሉን የሚነቅለው ይህን ሲያይ ነው። አትንቀሉ። ብዙ ጊዜ መጫኑ ተሳክቶም ላፕቶፑ 47 ላይ ያቆማል። የምትመለከቱት የስልኩን ስክሪን ነው። ስልኩ ጨረስኩ እስኪል ጠብቁ።

የጉግል አፖቹን የምትፈልጉ ከሆነ አሁኑኑ፣ ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነሳ ጫኑ። ሪከቨሪው መጀመሪያ ራሱን እንዲያስነሳ ከጠየቃችሁ እሺ በሉት፤ ከዚያ ያንኑ የሳይድሎድ መንገድ ድገሙ። ፊርማው አልተረጋገጠም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ጥቅሉ የሊኒየጅ ፊርማ ስለሌለው ነው፤ አሻራውን አጣርታችሁ ካወረዳችሁት እሺ በሉ። የሊኒየጁ ዋና ዚፕ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን አቁሙ። እሱ ላይ መምጣት የለበትም።

አንዴ ሊኒየጅ ከተነሳ በኋላ የጉግል አፖችን ልጨምር ማለት ስልኩን መልሶ ፎርማት ማድረግ ይጠይቃል።

ከዚያ «ሪቡት»። ቡትሎደሩ ክፍት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በተነሳ ቁጥር ታያላችሁ፤ አይጠፋም፣ ልመዱት። የመጀመሪያው መነሳት እስከ 15 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ሻይ ጠጡ።

ከተነሳ በኋላ

*#06# ደውላችሁ ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ሲም አስገቡ፣ ደውሉ፣ ይደወልላችሁ። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ሁለቱም ካሜራዎች፣ የጣት አሻራ፣ ሁሉንም ፎቶዎቻችሁን መልሳችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ፈትኑ። እንከን ካለ ባዶ ስልክ ላይ ማስተካከል ይቀላል።

ጠንካራ ፒን አድርጉ። ቡትሎደሩ ክፍት ስለሆነ ስልኩ ቢሰረቅ ሌባው ሲስተሙን ሊቀይረው ይችላል። የእናንተን ዳታ ግን ፒናችሁ ይጠብቀዋል። 1234 ከሆነ ማንንም አይጠብቅም።

«ሩትስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሩት ማለት ለአፖች ሲስተሙን የመንካት ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው፤ ሮም መቀየር ሩት ማድረግ አይደለም። ለምን እንደምትፈልጉት በትክክል ካላወቃችሁ አታድርጉት፤ የባንክ አፖችን ነገር ያብሰዋል።

ለአፕዴት፣ ሴቲንግ ውስጥ «አፕዴተር» የሚል ቦታ አለ፤ በየሳምንቱ ገደማ ይመጣል። ዋናው ቁጥር ሲቀየር፣ ለምሳሌ ከ21 ወደ 22፣ ገጹ ላይ ያለውን የማሻሻያ መመሪያ ተከትላችሁ በእጃችሁ ነው የምትሠሩት። የጉግል አፖቹም አብረው ይቀየራሉ።

ቡትሎደሩን መልሳችሁ አትቆልፉ። ሊኒየጅ ውስጥ እያለ «ኦኢኤም አንሎኪንግ»ን ያጠፋ ሰው ስልኩ አይነሳለትም። ሌላ ሰው እንዳይነካው ለቤተሰብ ንገሩ፤ ልጆች ሴቲንግ መነካካት ይወዳሉ።

ሎጎ ላይ ከቀረ

15 ደቂቃ አልፎ የሊኒየጁ ምልክት ብቻ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ወደ ሪከቨሪ ተመለሱና ፎርማት ዳታውን ድገሙ። አብዛኛው ጊዜ ይህ ተዘልሎ ነው። ካልሆነ ዚፑን እንደገና ጫኑ። ሪከቨሪ ወይም ዳውንሎድ ሞድ እስከገባ ድረስ ስልኩ አልሞተም።

ወደ ሳምሰንግ ለመመለስ ኦዲን የሚባለውን የሳምሰንግ ሶፍትዌር መጫኛ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ክፈቱ። ዛዲግ የተጠቀማችሁ ከሆነ መጀመሪያ ያንን ድራይቨር አውጥታችሁ የሳምሰንጉን መልሱ፤ አለበለዚያ ኦዲን ስልኩን አያየውም። ያወረዳችሁት ሶፍትዌር ሲፈታ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒ እና ሁለት ዓይነት ሲኤስሲ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱን በስሙ ቦታ አስገቡ። ከሊኒየጅ ስትመለሱ «ሆም ሲኤስሲ» የሚለውን ሳይሆን ተራውን «ሲኤስሲ» ምረጡ፤ ዳታውን አጽድቶ የሚነሳው እሱ ነው። ኦዲን ውስጥ «ናንድ ኢሬዝ» እና «ሪፓርቲሽን» የሚሉ ሳጥኖች አሉ። በምንም ምክንያት ምልክት አታድርጉባቸው። የኔትወርክና የአይኤምኢአይ መረጃችሁ ያለበትን ክፍል ሊያጠፉት ይችላሉ፤ ያኔ ስልኩ ተነስቶም አይደውልም። ሳምሰንጉ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ፣ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ፣ መደወሉን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ቡትሎደሩን በዳውንሎድ ሞድ መቆለፍ ትችላላችሁ። ሲቆለፍም እንደገና ሁሉን ስለሚያጠፋ ፎቶዎቹን ከዚያ በኋላ መልሱ።